የአጣጥ መርዝ
ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ግርጌ ለሚወጣ ሰው አጣጥ እንግዳ አይደለም። እሾኻም ነው፣ ለአጥር ይሆናል፣ የባህል ሐኪሞችም ይፈልጉታል። የዚህ ቁጥቋጦ ዘመድ የሆነ ተክል በ1960ዎቹ መጀመሪያ (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን ነው) ከኢትዮጵያ ተለቅሞ አሜሪካ ገባ። ካንሰር ያድናል ተብሎ አልነበረም የሄደው። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ተቋም ከየአገሩ በሺህ የሚቆጠሩ ዕፀዋት እያሰበሰበ ጭማቂያቸውን በካንሰር ሕዋሳት ላይ ይሞክር ስለነበር ተራው ደርሶት ነው።

ኬሚስቱ ሞሪስ ኩፕቻን ጭማቂውን ለያይቶ ይፈትናል፤ ሕዋስ የገደለውን ክፍል ይዞ እንደገና ይለያያል። የካንሰር ተመራማሪ ሥራ ብልጭ የሚል ሐሳብ የሚመስለው ብዙ ነው፤ አብዛኛው ግን እንዲህ ያለ ማጥለል ነው። በ1972 ሜይታንሲን የተባለውን ንጥረ ነገር ይፋ አደረገ። ከ1 ኪሎ ደረቅ ተክል የወጣው 0.2 ሚሊ ግራም ገደማ ነበር፤ ለ1 ግራም 50 ኩንታል መሆኑ ነው! ኃይሉ ግን ያስፈራ ነበር። ሕዋስ ሲከፈል ክሮሞዞሞቹን ወዲያና ወዲህ የሚጎትቱ ክሮች ይሠራል፤ ሜይታንሲን እነዚህ ክሮች እንዳይሠሩ ያግዳል፣ ሕዋሱም ይሞታል። (አጣጥ ቀቅሎ ለመጠጣት የተነሣ ካለ ይቅርበት፤ የአጥሩ አጣጥ ያው ዝርያ ላይሆን ይችላል፣ ቢሆንም መርዝ ነው።)

ኩፕቻን በ1976 ሞተ። ሜይታንሲን በሕሙማን ሲሞከር ትውከት፣ ተቅማጥና የነርቭ ጉዳት አመጣ፤ ዕጢው ግን እምብዛም አልቀነሰም። የካንሰር ሕክምና ክብደት እዚህ ላይ ነው። ባክቴሪያ ባዕድ ስለሆነ ፔኒሲሊን እኛ የሌለንን የሕዋስ ግድግዳውን ይመታል። ካንሰር ግን ከእኛው ሕዋስ የወጣ ነው፤ ክሩም የእኛው ክር ነው። ገዳይ መርዝ ማግኘት አላስቸገረም፤ ያስቸገረው ማንን እንደሚገድል ማሳወቁ ነው።

መልሱ ዓመታት ፈጀ። ከ5 የጡት ካንሰሮች በ1ዱ ገደማ ሄር 2 የተባለ ፕሮቲን በሕዋሱ ገጽ ላይ ከመጠን በላይ ይበዛል፤ ትራስቱዙማብ የተባለው ፀረ እንግዳ አካል ደግሞ እሱን ፈልጎ ይጣበቃል። ኢሙኖጅን የተባለው ኩባንያ ኬሚስቶች የሠሩት የሜይታንሲን ዘመድ ከዚህ ፀረ እንግዳ አካል ጋር ተቆራኘ። ሕዋሱ ሁለቱንም ይውጣል፣ መርዙ ውስጥ ገብቶ ይፈታል። ተክል መጨፍጨፍም አላስፈለገም፤ የጃፓን ተመራማሪዎች በ1977 የመርዙን ዘመዶች ባክቴሪያ ውስጥ አግኝተው ነበር። የመርዙና የፀረ እንግዳ አካሉ ጥምር ካድሳይላ በሚል ስም በየካቲት 2013 በአሜሪካ ተፈቀደ።

በዋናው ጥናት፣ በሽታው ተሰራጭቶባቸው ካድሳይላ ከወሰዱት ሴቶች ግማሾቹ ከ30.9 ወራት በላይ ኖሩ፤ በንጽጽሩ ሕክምና ይህ 25.1 ወር ነበር። ትልቅ ድል ነው፤ ፈውስ ግን አይደለም። በአንድ ዕጢ ውስጥ ሄር 2 የበዛባቸውም ያነሰባቸውም ሕዋሳት ይኖራሉ፤ የተረፉት ይራባሉ። ለጎጃሟ ሕመምተኛ ደግሞ ጥያቄው ከዚያ ቀድሞ ይነሣል፦ ከጡቷ የተወሰደው ናሙና ሄር 2 የበዛበት መሆኑ በቤተ ሙከራ ካልተለየ፣ መድኃኒቱ እጇ ቢገባ እንኳ ለእሷ ይሁን አይሁን ሐኪሟ ሊያውቅ አይችልም።