ሞተሩ ከወረደ አይቀር

መኪና የወንዶች ጉዳይ ነው እየተባለ ሲነገር ቢኖርም፣ በአንዲት አሮጌ ሚኒባስ ልጆቻቸውን የሚያሳድጉ እናቶች በከተማችን ጥቂት አይደሉም። የዛሬው ዓምዳችን የሚያስተዋውቃችሁ ወይዘሮ የሦስት ልጆች እናት ሲሆኑ፣ መተዳደሪያቸው የሰፈሩን ተማሪዎች ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት አድርሳ ማታ የምትመልስ ቶዮታ ሃይኤስ ናት።

መኪናይቱ አርጅታለች። በየሳምንቱ ዘይት ይጨመርላታል፤ የሽሮ ሜዳን ዳገት ስትወጣ ሰማያዊ ጭስ ትለቃለች፤ ሁለተኛ ማርሽ ሲገባ ካምቢዮዋ ይንገጫገጫል። ወይዘሮዋ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ክረምት የዕቁባቸውን ገንዘብ ይዘው ወደ ጋራዥ ሄዱ። መስከረም ሲጠባ መኪናይቱ ካልተነሳች ተማሪዎቹ ሌላ ማመላለሻ ይይዛሉ።

ከሶማሌ ተራ ያገለገለ ሞተር ገዝተው እንዲተኩ የመከሯቸው ነበሩ። ነገር ግን የዚያን ሞተር ድካም ማን ያውቀዋል? በሊብሬው ላይ የተመዘገበው የሞተር ቁጥርም መለወጥ ይኖርበታል። ስለዚህ የራሳቸው እንዲታደስ መረጡ።

የመጀመሪያው ክርክር የተነሳው በፋሻ ነው። «እትዬ፣ ፋሻ ብቻ ቢቀየር ይበቃል» አላቸው ወጣቱ መካኒክ። «ልጄ፣ መጀመሪያ ይለካልኝ» አሉት። እውነታቸውን ነው። ፋሻ በፒስተኑ ዙሪያ ሆኖ ዘይት ወደ ላይ እንዳያልፍ የሚከለክል ቀለበት ነው። የሲሊንደሩ ግድግዳ ራሱ ተበልቶ ከላይ ሰፍቶ ከታች ከጠበበ ግን አዲስ ፋሻም አይገጥመውም። ጭሱ ሳይቆይ ይመለሳል፤ የማስወረጃው ዋጋም ሁለት ጊዜ ይከፈላል።

ሲሊንደሮቹ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች ተለኩ፤ አምራቹ ከወሰነው መጠን አልፈው ስለተገኙ ብሎኩ ወደ ሬቲፊካ ቤት ተላከ። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚከስሩበት ነገር አለ። ፒስተኖቹ፣ ለምሳሌ 0.50 ሚሊ ሜትር የሚተልቁት፣ አስቀድመው ተገዝተው ከብሎኩ ጋር መሄድ አለባቸው፤ ባለሙያው ሲሊንደሩን የሚያሰፋው በእጁ የያዘውን ፒስተን ለክቶ ነውና። ሙቀት በዝቶበት የሚያውቅ ሞተር ቴስታታውም መሰንጠቅ አለመሰንጠቁ፣ መጣመም አለመጣመሙ መታየት ይኖርበታል።

ሞተሩ ከወረደ አይቀር ካምቢዮውም ተፈታ። ሁለተኛ ማርሽ የሚንገጫገጨው፣ ማርሾቹ ከመገናኘታቸው በፊት ፍጥነታቸውን የሚያመሳስለው የናስ ቀለበት ሲያልቅ ነው። ሌላም ምልክት አለ፤ መኪናይቱ ቆማ፣ ማርሹ ዜሮ ላይ ሆኖ የሚሰማ ጩኸት ፍሪሲዮን ሲረገጥ ከጠፋ፣ የካምቢዮው መግቢያ ኩሽኔታ ይጠረጠራል። ይህን ለማወቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም፤ ጆሮ ይበቃል። በሞተሩና በካምቢዮው መካከል ያለውን የፍሪሲዮን ሸራ ለመለወጥም ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም፤ በኋላ ቢያልቅ ለእርሱ ብቻ ካምቢዮው እንደገና ይወርዳል።

ወይዘሮዋ የተገዛውን ዕቃ ሁሉ በልጃቸው ደብተር ይመዘግቡ ነበር። የተለወጠውንም አሮጌ ዕቃ በማዳበሪያ ከረጢት አስጨምረው ተረከቡ። መካኒኩ በዚህ መጀመሪያ ተቀይሞ ነበር፤ እኔ ግን ቅያሜው ተገቢ ነው አልልም። ገንዘቡ ሲያጥር የመቀመጫ ልብሱን ትተው የታይሚንግ ቺንጋውን አስለወጡ። በዚህ የናፍጣ ሞተር ቺንጋው ከተበጠሰ ፒስተንና ቫልቭ ይጋጫሉ፤ የተደከመበትም ሁሉ ከንቱ ይቀራል።

መኪናይቱ በነሐሴ መጨረሻ ተነሳች። አዲስ የተገጠመው ፋሻ ከግድግዳው ጋር እስኪላመድ ድረስ፣ ለመጀመሪያዎቹ 1000 ኪሎ ሜትር ከባድ ጭነትና ኃይለኛ ፍጥነት አይፈቀድላትም፤ ከዚያ ዘይቱና የዘይት ማጣሪያው ይለወጣሉ። ወይዘሮዋ የኪሎ ሜትሩን ቁጥር በወረቀት ጽፈው ከመሪው አጠገብ ለጥፈውታል። ሾፌሩ ጠዋት ሞተር ሳያስነሳ እርሱን ያነባል፤ የዘይቱንም ልክ በመለኪያው አይቶ ለእርሳቸው ይነግራል።