የቀድሞ ስልት የሚና ጨዋታን ለአድማጭ መቅረጽ

የቀድሞ ስልት የሚና ጨዋታን ለአድማጭ መቅረጽ ማለት ጥቂት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የሚጫወቱትን የሚና ጨዋታ በድምፅ ቀርጾና አስተካክሎ በፖድካስት መልክ ማሰራጨት ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች እንዲህ ያለውን ዝግጅት «አክቹዋል ፕሌይ» ይሉታል፤ በእውን የተካሄደ ጨዋታ ለማለት ነው። ከሬዲዮ ድራማ የሚለየውም በዚሁ ነው። የታሪኩን መጨረሻ አድማጩ ብቻ ሳይሆን ተጫዋቾቹም፣ ጨዋታውን የሚመራው ሰውም አስቀድመው አያውቁትም።

ጨዋታው

በሚና ጨዋታ እያንዳንዱ ተጫዋች የአንድ ገጸ ባሕርይ ሚና ይይዛል። የጨዋታው መሪ ቦታውንና የሚሆነውን ይገልጻል፤ ተጫዋቾቹ ምን እንደሚያደርጉ ይናገራሉ፤ ውጤቱ አጠራጣሪ ሲሆን ዳይስ ይጣላል። እንደ ገበጣ ወይም እንደ ዳማ በመጨረሻ አንዱ አሸናፊ ሌላው ተሸናፊ አይሆንም። ከእነዚህ ጨዋታዎች ለገበያ የቀረበው የመጀመሪያው «ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» ነው። ጋሪ ጋይጋክስ እና ዴቭ አርንሰን የተባሉ አሜሪካውያን አዘጋጅተውት እ.ኤ.አ. በ1974 ታተመ።

«የቀድሞ ስልት» የሚባለው በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መጀመሪያ በነበሩት ደንቦች የሚካሄደው አጨዋወት ነው። ጨዋታው በኋላ ብዙ ተለውጧል፤ ሆኖም «ኦስሪክ» (2006)፣ «ላቢሪንዝ ሎርድ» (2007) እና «ኦልድ ስኩል ኢሴንሻልስ» (2019) የመሳሰሉ መጻሕፍት የጥንቱን ደንቦች እንደገና አዘጋጅተው በማቅረባቸው ስልቱ አዲስ ተጫዋቾችን አግኝቷል።

በዚህ ስልት ገጸ ባሕርይ ደካማ ሆኖ ይጀምራል። ቶም ሞልድቬይ በ1981 ባዘጋጀው የጀማሪዎች ደንብ የጀማሪ አስማተኛ የሕይወት ነጥብ የሚወሰነው በአንድ ባለ አራት ገጽ ዳይስ ነው። አንድ ከወጣለት በመጀመሪያው ምት ይሞታል። ከመሬት በታች ባለ ፍርስራሽ ውስጥ ሲጓዙ ጊዜ በአሥር አሥር ደቂቃ ዙር ይቆጠራል፤ አንድ ችቦ ስድስት ዙር ብቻ ይነድዳል። በየሁለት ዙሩ መሪው ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ይጥላል፤ 1 ከወጣ ጭራቅ ይመጣል። ልምድ በአብዛኛው የሚገኘው ከውጊያ ሳይሆን ከፍርስራሹ ከወጣ ሀብት ነው። ስለዚህ ብልህ ተጫዋች ከመዋጋት ይልቅ ይጠይቃል፣ ያዳምጣል፣ ወለሉን በዘንግ እየነካ ይሄዳል፣ ሲያስፈልግም ይሸሻል።

ከጽሑፍ ወደ ድምፅ

ሌሎች ሲጫወቱ በመከታተል ጨዋታውን መማር እንደ ጨዋታው ያረጀ ነገር ነው። በ1974 ከወጡት ሦስት ትንንሽ መጻሕፍት ሦስተኛው በመሪውና በቡድኑ ተናጋሪ መካከል የሚደረግ ምልልስ በጽሑፍ አስፍሮ ነበር፤ ደንቡን ብቻ ያነበበ ሰው ጨዋታው እንዴት እንደሚካሄድ ይገባው ዘንድ። ድምፅ ይህንኑ ሥራ በሰፊው ይሠራል።

ፖድካስት የሚለው ቃል በ2004 ከተፈጠረ በኋላ የጨዋታ ቀረጻዎች መሰራጨት ጀመሩ። «አክዊዚሽንስ ኢንኮርፖሬትድ» በ2008፣ «ዘ አድቬንቸር ዞን» በ2014 ተጀመሩ፤ በ2015 የጀመረው «ክሪቲካል ሮል» ደግሞ ሙያተኛ የድምፅ ተዋንያንን በቪዲዮ አቀረበ። እነዚህ በአዳዲሶቹ እትሞች የተጀመሩ ናቸው፤ ስበታቸውም በአብዛኛው የገጸ ባሕርያቱ ግንኙነትና ቀልድ ነው። በቀድሞው ስልት ከሚታወቁት አንዱ «ስሪ ዲ ሲክስ ዳውን ዘ ላይን» ይባላል። ስሙ የተወሰደው የገጸ ባሕርይን ስድስት ችሎታዎች በሦስት ሦስት ዳይስ በተርታ ከመወሰን ልማድ ነው፤ የወጣውን መቀበል ነው፣ ማማረጥ የለም። «ቴል ኦቭ ዘ ማንቲኮር» ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ዳይስ እየጣለ ውጤቱን በትረካ የሚያቀርብበት ነው።

አድማጭ የማያየው ካርታ

በቤት ውስጥ ጨዋታ ከተጫዋቾቹ አንዱ ካርታ ይሥላል። አድማጭ ግን ካርታውን አያይም። «ሠላሳ በሃያ ጫማ የሆነ ክፍል፣ በሰሜን ሁለት በር፣ በምሥራቅ መተላለፊያ» የሚለው ገለጻ በጠረጴዛው ላሉት በቂ ነው፤ ከጆሮ ግን ወዲያው ይጠፋል። ስለዚህ ልምድ ያለው መሪ ልኩን ለካርታ ሣዩ ከነገረ በኋላ ለቦታው ስም ያወጣለታል። «ራስ የሌለው ሐውልት ያለበት ክፍል» ከሦስት ሳምንት በኋላም ይታወሳል። በየክፍሉ መጀመሪያ ቡድኑ የት እንዳለ፣ ስንት ችቦ እንደቀረው፣ ማን እንደቆሰለ በአንድ ደቂቃ ይነገራል።

የቡድኑ ተናጋሪ የሚባለው ሚናም እዚህ ላይ ይጠቅማል። በጥንቱ ደንብ ተጫዋቾቹ ከተመካከሩ በኋላ አንዱ ውሳኔውን ለመሪው ያስታውቃል። ብዙ ቡድኖች ይህን ልማድ አሰልቺ ነው ብለው ትተውታል። አምስት ሰው እየተሻማ ሲናገር በጆሮ ብቻ ለሚከታተል ሰው ግን ከዚህ የተሻለ መላ ማግኘት ይከብዳል፤ ክርክሩ የቱንም ያህል ቢደበላለቅ መጨረሻ ላይ አንድ ጥርት ያለ ድምፅ «ግራውን በር እንከፍታለን» ይላል።

ራስ መነቅነቅና በጣት መጠቆምም በቀረጻ ውስጥ የሉም። ሁሉም በቃል መነገር አለበት።

ዳይሱን ማመን

የዚህ ዝግጅት ዋጋ የተመሠረተው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ አድማጩ ዳይሱን ማመን አለበት። አድማጭ የወደደው ገጸ ባሕርይ ሊሞት ሲል መሪው ቁጥሩን አለሳልሶ ለማለፍ ይፈተናል፤ ቀረጻውን የሚያስተካክለውም መጥፎውን ውጤት ቆርጦ እንደገና ለማስጣል ይፈተናል። ይህ አንድ ጊዜ ከታወቀ ከዚያ በኋላ የሚመጣው አደጋ ሁሉ ለአድማጩ የይስሙላ ይሆንበታል። መከላከያው ቀላል ነው። ዳይሱ ከመጣሉ በፊት የሚያስፈልገው ቁጥርና ካልተሳካ የሚመጣው ነገር ይነገራል፤ ከዚያ በግልጽ ይጣላል፤ የወጣውም ጮክ ተብሎ ይነበባል። «ከ14 በታች ከወጣ መርዙ ይገድለዋል» ከተባለ በኋላ የሚሰማው የዳይስ ኳኳታ የትኛውም ማጀቢያ ሙዚቃ የማይሰጠውን ጭንቀት ይሰጣል።

ገጸ ባሕርይ ሲሞት ከሞቱ በኋላ የምትከተለውን ዝምታ አለመቁረጥ ይመረጣል። ተጫዋቹ በአዲስ ሰው ሲመለስ አድማጩ ሊያኮርፍ ይችላል። ሆኖም በዚህ ስልት ታሪኩን የሚያያይዘው ጀግናው ሳይሆን ቦታው ነው፤ ፍርስራሹ ይቀጥላል፣ የሞተው ሰው አጥንትም እዚያው ይገኛል።

ምን መቁረጥ ይቻላል? ደንብ ፍለጋ መጽሐፍ የሚገለጥበት ጊዜ፣ የስልክ ጥሪ፣ የወርቅ ክፍፍል ሒሳብ። በበሩ ፊት ያለው ማመንታት ግን አይቆረጥም፤ ለጥድፊያ የለመደ አቀናባሪ እንደ ትርፍ ይቆጥረዋል እንጂ በቀድሞው ስልት ጨዋታው ራሱ እሱ ነው። ሌላው ችግር ከተጫዋቾቹ ይመጣል። ማይክሮፎን እንዳለ ሲያውቁ ለአድማጭ ሲሉ ይደፍራሉ፤ ብቻቸውን ቢሆኑ የማይነኩትን ሣጥን ይከፍታሉ።

ድምፁ

ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ማይክሮፎንና የራሱ ትራክ ይመከራል። በጠረጴዛ መሐል የተቀመጠ አንድ ማይክሮፎን ከሰዎቹ ይልቅ ዳይሱን፣ ወንበሩንና የብርጭቆውን ድምፅ አጉልቶ ይይዛል። በተራ የመኖሪያ ክፍል ዳይናሚክ ማይክሮፎን ከኮንደንሰር ይሻላል፤ ከሩቅ የሚመጣ ድምፅ ብዙም አይስብምና። ከአፍ አንድ ስንዝር ያህል ይራቅ፤ በሁለት ማይክሮፎኖች መካከል ያለው ርቀት ደግሞ ከአፍ እስከ ማይክሮፎን ካለው ቢያንስ ሦስት እጥፍ ይሁን። ምንጣፍና ወፍራም መጋረጃ ማስተጋባትን ይቀንሳሉ። ዳይሱ ጨርቅ በተነጠፈበት ትሪ ላይ ይጣል፤ ኳኳታው ይሰማ፣ ጆሮ ግን አይውጋ።

በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት የተቀረጸ አንድ ትራክ በሰዓት 518 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። አምስት ሰው ሦስት ሰዓት ቢጫወት ወደ 8 ጊጋባይት ይጠጋል። ተጫዋቾቹ በተለያየ ከተማ ካሉ እያንዳንዱ በራሱ መሣሪያ ይቀርጽና ትራኮቹ በኋላ ይገጣጠማሉ፤ መጀመሪያ ላይ ሁሉም አንድ ጊዜ ካጨበጨቡ መግጠሚያው ይገኛል። የመሣሪያዎቹ ሰዓት በረጅም ቀረጻ ቀስ በቀስ ስለሚለያይ በእረፍት ጊዜ ማጨብጨቡን መድገም አይከፋም። የተጠናቀቀው ስቴሪዮ ፋይል ብዙውን ጊዜ በ−16 ኤልዩኤፍኤስ አካባቢ ባለ የድምፅ ከፍታ ይወጣል።

ፈቃድና መብት

ሁሉም ተጫዋቾች እንደሚቀረጹና ቀረጻው እንደሚሰራጭ ማወቅና መስማማት አለባቸው። በአሜሪካ ሕግ የአንድ ጨዋታ ሐሳብና አሠራር በቅጂ መብት አይጠበቅም፤ ደንቡ የተጻፈበት ቃልና ሥዕሉ ግን ይጠበቃል። ስለዚህ ከታተመ የጀብዱ መጽሐፍ ረጅም አንቀጽ ቃል በቃል ማንበብ የአሳታሚውን ፈቃድ ሊጠይቅ ይችላል፤ ሙዚቃም እንዲሁ።

የታተመ ጀብዱ ሲቀረጽ የመጽሐፉ ስም በመጀመሪያው ክፍል ቢነገር መልካም ነው፤ ወደፊት ሊጫወተው የሚያስብ ሰው ወጥመዱ የት እንዳለ ከመስማቱ በፊት ማዳመጡን ሊያቆም ይችላልና። ካርታውን ለአድማጭ ማካፈል የሚፈልግ ቡድን ደግሞ ተጫዋቹ በእጁ የሣለውን፣ ከነስሕተቱ፣ ያወጣል። የመሪው ካርታ ገና ያልተከፈቱትን በሮች ስለሚያሳይ ፍርስራሹ ተፈትሾ እስኪያልቅ ድረስ እዚያው መሪው ዘንድ ይቆያል።