ፀሐይን በብርጭቆ? (ስለ «ቀዝቃዛ ፊውዥን» ክርክር)

ለማስተማር ልምምድ ክፍል ስንገባ ከተማሪ ከሚመጡት ጥያቄዎች አንዷ ይህች ናት፦ «መምህር፣ የፀሐይን እሳት በብርጭቆ ውሃ ማንደድ ይቻላል የሚባለው እውነት ነው?» «ውሸት ነው» ብሎ ማለፍ ይቀላል። ለምን ብሎ ሲደግም ግን መልስ ያስፈልጋል።

ወሬው የተነሳው መጋቢት 14 ቀን 1981 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1989) ነው። በአሜሪካ የዩታ ዩኒቨርሲቲ ማርቲን ፍላይሽማንና ስታንሊ ፖንስ የተባሉ የኬሚስትሪ ሊቃውንት ጋዜጠኞችን ሰብስበው የኑክሌር ውህደት በጠረጴዛ ላይ አገኘን አሉ። ከባድ ውሃ፣ ማለት ሃይድሮጂኑ ዲዩቴሪየም የሆነ ውሃ ውስጥ የፓላዲየም ዘንግ ነክረው ኤሌክትሪክ ለቀቁበት። ፓላዲየም ጉደኛ ነው፤ የራሱን ይዘት 900 ጊዜ ያህል ሃይድሮጂን ይመጣል። ከገባው ኤሌክትሪክ ይልቅ የወጣው ሙቀት በለጠ፤ ትርፉም ከኬሚካል ለውጥ አይመጣም፤ እንግዲያው ኑክሌር ነው አሉ።

እስቲ ከሥሩ እንየው። ሁለት የዲዩቴሪየም ኑክሊየሶች ሁለቱም ፖዘቲቭ ናቸውና ይገፋፋሉ። የፀሐይ እምብርት 15 ሚሊዮን ዲግሪ ያህል የሚሞቀው በከንቱ አይደለም! ይዋሃዱ እንበል። ከታወቀው ሙከራ እንደምንረዳው ግማሽ ያህሉ ኒውትሮንና ሂሊየም-3፣ ግማሹ ፕሮቶንና ትሪቲየም ይሰጣል። ሂሊየም-4 ከጋማ ጨረር ጋር የሚገኘው ከሚሊዮን አንዴ ቢሆን ነው። አሁን እርሳስ አንሱ። አንዱ ውህደት በአማካይ 3.65 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ይሰጣል፤ አንድ ዋት በሰኮንድ 6.24 ሚሊዮን ሚሊዮን ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ነው። ስታካፍሉት ለአንዲት ዋት በየሰኮንዱ ወደ አንድ ሚሊዮን ሚሊዮን የሚጠጋ ኒውትሮን መውጣት አለበት። ለሰዓታት አጠገቡ የቆመ ሰው አይተርፍም ነበር፤ እነሱ ግን ደህና ነበሩ።

የንድፈ ሐሳቡ ክርክር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በ1965 የኖቤል ሽልማት የተካፈለው ጁሊያን ሽዊንገር ሳይቀር ለነገሩ ተሟግቷል፤ ኃይሉ በጨረር ፋንታ ለብረቱ አቶሞች ሁሉ ይከፋፈላል የሚል ነበር። መልሱ፦ ውህደቱ የሚያልቀው ብርሃን እንኳ ከጎረቤት አቶም ሳይደርስ ነውና ማን ለማን ያካፍላል? እ.ኤ.አ. በ2006 ደግሞ ዊዶምና ላርሰን ሌላ መንገድ ጻፉ። በብረቱ ገጽ ላይ ኤሌክትሮን «ይከብድና» ከፕሮቶን ጋር ተጣምሮ ዝግተኛ ኒውትሮን ይሆናል አሉ። ኒውትሮን ቻርጅ ስለሌለው መገፋፋቱ ቀረ፤ ብልህ ሐሳብ ነው። ግን ለዚህ 0.78 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያስፈልጋል፤ ኬሚስትሪ የምታውቀው ጥቂት ቮልት ብቻ ነው። ኒውትሮኑ በሌላ ኑክሊየስ ሲዋጥም ጋማ ጨረር መታየት ነበረበት።

በእኔ በኩል ዋናው ችግር ንድፈ ሐሳቡ አይመስለኝም። ልጁ መወለዱ ሳይረጋገጥ ስም ለማውጣት መጣላት ነው የሆነው። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት በ1989 ያቋቋመው ቡድን ማስረጃው አያሳምንም አለ፤ በ2004 እንደገና ሲታይም ውጤቱ ብዙ አልራቀም። ጉግል ገንዘብ የከፈለበት ጥናት በ2019 ታትሞ ምንም ምልክት አላገኘም። ሆኖም ፈላጊዎቹ ሁሉ ቀልደኞች አይደሉም። በ2025 የካናዳው የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ፓላዲየሙን በኤሌክትሪክ ዲዩቴሪየም ሲያጠግቡት የውህደቱ መጠን 15 በመቶ ያህል እንደጨመረ ኒውትሮን ቆጥረው አሳይተዋል። እነሱ ግን ዲዩቴሪየሙን በማፋጠኛ እየወረወሩ ነው፤ ከሚገባው የሚወጣው ኃይልም እጅግ ያንሳል።

ሙቀት መለካቱስ? የካልቴኩ ናታን ሉዊስ በ1989 ካነሳቸው ነቀፌታዎች አንዱ ውሃው በደንብ አልተማሰለም የሚል ነበር። ይህን እዚሁ ቂሊንጦ ማየት እንችላለን። ቡታጋዝ ላይ በተጣደ ድስት ውሃ ሁለት ቴርሞሜትር፣ አንዱን ከላይ ሌላውን ከታች፣ ሳታማስሉ ንከሩና አንብቡ። ከዚያ አማስሉና ድገሙት። ቴርሞሜትር ያላችሁ ለሚቀጥለው የልምምድ ቀን ይዛችሁ ኑ፤ የኛው ላቦራቶሪ አንድ ብቻ ነው ያለው።