ላሟን የሚነካው ጎማ

አሥር ላም የሚያልብ ሰው አንድ ማለዳ የማለቢያ ማሽኑ ሞተር ሲያጓራ ይሰማና «አረጀ፤ ልጠግነው ወይስ ልጣለው?» ብሎ ይጨነቃል። መጨነቁ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሞተሩ ላሟን አይነካትም። ምርመራው ከሚነካት መጀመር አለበት።

ማሽኑ የጥጃ አፍ ምትክ ነው። ጥጃ ሲጠባ ይስባል፣ ደግሞ ይለቃል። የጥንቶቹ ማለቢያዎች ግን ያለ ፋታ እየሳቡ ጡት ይጎዱ ነበር። የግላስጎው ሰው አሌክሳንደር ሺልድስ እ.ኤ.አ. በ1895 መሳቡን የሚያቆራርጥ ፑልሴተር አመጣ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ አውስትራሊያዊው አሌክሳንደር ጊሊስ ከውጭ ጠንካራ፣ ከውስጥ ለስላሳ ጎማ የሆነ ኩባያ ሠራ። በሁለቱ መካከል አየር ሲገባ ጎማው ጡቱን ይጨምቃል፤ አየሩ ሲሳብ ይከፈትና ወተቱ ይወርዳል። ዛሬም በደቂቃ 60 ጊዜ ያህል የሚመታው ይኸው ነው። አውራ ጣትን ኩባያው ውስጥ ከትቶ ሰዓት እያዩ መቁጠር ይቻላል።

ይህ ጎማ ብዙውን ጊዜ ከ2,500 እለባ በኋላ ይቀየር ይባላል። አሥር ላሞች ጠዋትና ማታ በሁለት ማለቢያ ቢታለቡ እያንዳንዱ ማለቢያ በቀን አሥር ጊዜ ይሠራል፤ ጎማው 250 ቀን ቆየ ማለት ነው። ላሞቹ ሃያ ከሆኑ በ125 ቀን ያበቃለታል። «አልተቀደደም እኮ!» የሚለውን መልስ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ አያሳምነኝም። ቅባት የጠጣ ጎማ ያብጣል፣ ይላላል፤ ሳሙና የማይደርስበት ስንጥቅ ያበጃል። ለጎማ የተሰሰተው ብር ለጡት በሽታ መድኃኒትና ለሚደፋ ወተት ይወጣል። ስትታለብ እግሯን የምታነሳሳ ላምም ሁልጊዜ አመለኛ አይደለችም።

አየሩን የሚስበው ፓምፕ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ምላጮቹ ቢያልቁ ይቀየራሉ፣ ዘይቱ ካልጎደለበትም ዕድሜው ረጅም ነው። እኛ አገር ግን ከፍታውን ማሰብ ያስፈልጋል። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያንሳል። 45 ኪሎፓስካል ለመሳብ ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው አየር ከግማሽ በታች ማውጣት ይበቃል፤ እዚህ ግን ከግማሽ በላይ ማውጣት ግድ ይሆናል። ቆላ ላይ ገና ብዙ የሚያገለግል ያረጀ ፓምፕ ደጋ ላይ ቀድሞ ይደክማል።

ስለዚህ ማሽኑ እየሠራ አንዱን ኩባያ ለአየር ከፍተው የአየር ግፊት መለኪያውን መርፌ ይመልከቱ። ወርዶ ኩባያው ሲዘጋ ወዲያው ከተመለሰ ጎማና ምላጭ መቀየር ያዋጣል። እየተንገታገተ የሚመለስ ከሆነ፣ ላሞቹም ማሽኑ ሲገዛ ከነበሩት እጥፍ ከሆኑ፣ ወይም መለዋወጫው ጠፍቶ በየጊዜው ቶርኖ ቤት የሚያስኬድ ከሆነ፣ እኔ ብሆን ለአሮጌው ሌላ ብር አልጨምርም።