የድድ ሕመምን በምራቅ መለየት፤ ለፔዳ ገበያ ያዋጣ ይሆን?

የጥርስ ሐኪም ቤት የሚታወሰው ሕመም ሲጠና ነው፡፡ የድድ በሽታ ግን አብዛኛውን ጊዜ አያምም፡፡ ሰውዬው ሲፋቅ ደም ቢያይ መፋቂያው ሻክሮት ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ጥርሱ ሲነቃነቅ ነው የሚደነግጠው፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ሪፖርት፣ ጽኑ የድድ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በዓለም ከ1 ቢሊዮን በላይ እንደሚሆኑ ገምቷል፡፡ በነጋዴ ዓይን ሲታይ ይህ ከፍተኛ ቁጥር ያለው፣ ግን አብዛኛው መታመሙን ስለማያውቅ ምንም የማይገዛ ደንበኛ ማለት ነው፡፡

ይህን ደንበኛ ለመቀስቀስ አምራቾች ካቀረቧቸው ዕቃዎች አንዱ ጀርመን ሠራሹ ፔሪዮሴፍ ነው፡፡ የሚለካው ኤም.ኤም.ፒ. 8 የተባለ ኢንዛይም ሲሆን፣ ድድ ሲቆጣ ወደ ሥፍራው የሚጎርፉት ነጭ የደም ሕዋሳት ይረጩታል፡፡ ጥርስን ከአጥንቱ ጋር አስሮ የያዘውን ኮላጅን የሚበላውም እርሱ ነው፡፡ ተመርማሪው በጥቂት ንጹሕ ውኃ ለ30 ሴኮንድ ተጉመጥምጦ ይተፋል፤ ከዚያ የተወሰደ ጠብታ በፕላስቲኩ መመርመሪያ ላይ ይደረግና በ10 ደቂቃ ገደማ ውጤቱ በመስመር ይታያል፡፡ መጠኑ በሚሊ ሊትር 20 ናኖግራም ከደረሰ ወደ ሐኪም ይላካል፡፡ መርፌ የለ፣ ደም የለ፡፡

ዘዴው ለአገራችን እንግዳ አይደለም፡፡ ኦራኩዊክ የተባለው የኤች.አይ.ቪ. የራስ መመርመሪያ ድድ ላይ ታሽቶ የሚሠራ ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት የብቃት ማረጋገጫ ከሰጠው ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ኢትዮጵያም በመርሐ ግብሯ ተቀብላዋለች፡፡ ነገር ግን ያ ዕቃ ገበያ ያገኘው በነጋዴ ገንዘብ አልነበረም፡፡ በአሜሪካ መደርደሪያ ላይ 40 ዶላር ገደማ ሲሸጥ፣ ለ50 ታዳጊ አገሮች በ2 ዶላር የቀረበው የጌትስ ፋውንዴሽን ድጎማ ስለገባበት ነው፡፡ የድድ በሽታ ደግሞ ለጋሾች የሚሻሙበት በሽታ አይደለም፡፡ ወጪው በቀጥታ ታካሚው ኪስ ላይ ይወድቃል፡፡

አስመጪው የሚገጥመው ሒሳብ ከዚህ ይጀምራል፡፡ የብር ምንዛሪ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ ቀድሞ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር በላይ ዘሏል፡፡ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የሕክምና መሣሪያ ከምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሳይመዘገብ አይገባም፡፡ በዚያ ላይ መመርመሪያው የመጠቀሚያ ጊዜ አለው፤ እንደ ጥርስ ብሩሽ መጋዘን ውስጥ ሰው እስኪጠይቀው የሚያድር ሸቀጥ አይደለም፡፡

ባሕር ዳር ላይ ማን ይገዛዋል? ስሙን ከቀድሞው የፔዳጎጂ አካዳሚ የወረሰው ፔዳ የዩኒቨርሲቲ ሠፈር ነው፡፡ ተማሪ ብዙ ነው፤ ነገር ግን ለምሳው የሚቆጥብ ተማሪ ላልታመመው ድድ ይከፍላል ብሎ ካርቶን ማዘዝ ድፍረት ይሆናል፡፡ ተስፋ የሚጣልበት ገበያ የስኳር ሕሙማን ናቸው፡፡ ስኳር ድድን ያባብሳል፣ የተቆጣ ድድም በተራው ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል፡፡ እንዲህ ያሉ ሕሙማን ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎችን ለክትትል ይመላለሳሉ፤ ወረፋ እየጠበቁ ሊመረመሩ ይችላሉ፡፡ ሲጋራ አጫሾችም ሊታሰብባቸው ይገባል፤ ትምባሆ የድድን መድማት ስለሚደብቅ አጫሹ ድዱ ጤነኛ ይመስለዋል፡፡

ተወዳዳሪው ግን ቀላል አይደለም፡፡ የጥርስ ባለሙያዎች ጫፏ ግማሽ ሚሊ ሜትር የሆነች ድብልብል መለኪያ ሽቦ አለቻቸው፡፡ በድድና በጥርስ መካከል ገብታ የጎደጎደውን ቦታ በሚሊ ሜትር ትለካለች፤ በየጊዜው እየተቀቀለች ለዓመታት ታገለግላለች፡፡ የምራቁ መመርመሪያ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ሲሆን፣ የትኛው ጥርስ እንደተጎዳም ሆነ አጥንቱ ምን ያህል እንደሸሸ አይናገርም፡፡ "አለብህ" የተባለው ሰው መጨረሻው ያው ሽቦና ራጅ ነው፡፡ ጥቅሙ ያለ ጥርስ ሐኪም፣ ነርስም ብትሆን ብዙ ሰው በአጭር ጊዜ መለየት መቻሏ ላይ ነው፡፡

ታዲያ ከተለየ በኋላስ? የድድ ሕመም መድኃኒቱ በአብዛኛው እጥበት ነው፤ ከድድ ሥር የተጋገረውን ታርታር በመሣሪያ መፋቅ፣ ከዚያም በየቀኑ በብሩሽ ወይም በመፋቂያ መጽዳት፡፡ ገንዘቡን ከፍሎ "ታመሃል" የተባለ ነጋዴ የሚያጥብለት ካጣ ወሬው ለመመርመሪያው ማስታወቂያ አይሆንም፡፡ ስለዚህ ካፒታሉን ሙሉ በሙሉ መመርመሪያ ላይ ከሚያፈስ ይልቅ፣ የእጥበት ማሽንና ባለሙያ ያለው ክሊኒክ ጥቂት ካርቶን ወስዶ ደንበኛ መሳቢያ ቢያደርገው ያዋጣዋል፡፡ ክሊኒኩ ትርፉን የሚያገኘው ከእጥበቱ ነው፡፡

ከአውሮፓ የዋጋ ማቅረቢያ የሚጠይቅ አስመጪም ከዋጋው በፊት አንድ ቁጥር ቢያስጽፍ ይመረጣል፤ ዕቃው ጅቡቲ ሲደርስ የሚቀረው የመጠቀሚያ ጊዜ ስንት ወር እንደሆነ፡፡