ፀጉር ሲረግፍ ጥፋቱ የውሃው ብቻ ነው?

«ያገሩ ውሃ ነው!» የማይባልበት የስደት ከተማ የለም። ጅዳ ያለችው እህታችንም ሆነች ዋሽንግተን ያለው ወንድማችን ማበጠሪያው ላይ የቀረውን ፀጉር እያዩ የሚወቅሱት ቧንቧውን ነው። ጨው የበዛበት ውሃ ፀጉርን ሊያደርቅና ሊያሻክር ይችላል። ከሥሩ የሚረግፍ ፀጉር ግን አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ሌላ ነው። ምክንያቱ ብዙ ስለሆነም ለሁሉም የሚሆን አንድ ቅባት የለም።

በመጀመሪያ ልኩን እንወቅ። በሰው ራስ ላይ 100,000 ገደማ ፀጉር ሲኖር፣ በቀን ከ50 እስከ 100 ቢረግፍ የተፈጥሮ ነው። እያንዳንዱ ፀጉር ለዓመታት አድጎ ጥቂት ወራት ያርፍና ይወድቃል፤ በቦታውም ሌላ ይተካል።

ሦስት ወር ወደኋላ ይቁጠሩ

ከባድ ትኩሳት፣ ቀዶ ጥገና፣ ወሊድ፣ በአጭር ጊዜ ብዙ ኪሎ መቀነስ ወይም ብርቱ ጭንቀት ሲደርስ ብዙ ፀጉር በአንድ ጊዜ ማደጉን ያቆማል። የሚረግፈው ግን ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ነው። ስደተኛውን የሚያሳስተውም ይኸው ነው። የመንገዱን እንግልት አልፎ፣ ቤት ተከራይቶ፣ ሥራ ይዞ «ተመስገን» ባለ ማግሥት ፀጉሩ ይራገፋል። ደግነቱ መንስኤው ከተወገደ በወራት ውስጥ መልሶ ይበቅላል። ካልቆመ ግን የብረት ማዕድን እጥረት ወይም የታይሮይድ ዕጢ መታወክ ሊሆን ስለሚችል የደም ምርመራ ያስፈልጋል።

በራ፣ ላሽና ጭርት

በራ የዘርና የሆርሞን ጉዳይ ነው። ከእናት ወገን ብቻ ይወረሳል የሚባለው ስህተት ነው፤ ከአባትም ይመጣል። ወንዶችን ከግንባር ወይም ከአናት ይጀምራቸዋል፤ ሴቶችን ደግሞ አናታቸው ላይ ያሳሳቸዋል። የሚቀባው ሚኖክሲዲል በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1988 ለወንዶች፣ በ1991 ለሴቶች ተፈቅዷል። የሚዋጠው ፊናስተራይድ በ1997 ለወንዶች ተፈቀደ፤ ነፍሰ ጡር ፈጽሞ ልትወስደው አይገባም። ሁለቱም ጥቅማቸው የሚቆየው ሳይቋረጡ ሲወሰዱ ነው።

ላሽ ክብ ክብ እየሆነ የሚመልጠው ነው። የሰውነት መከላከያ የራሱን የፀጉር ሥር ሲያጠቃ ይመጣል፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም። ብዙ ጊዜ በራሱ ይመለሳል፤ ለከባዱ ደግሞ በ2022 ባሪሲቲኒብ የተባለ ክኒን በአሜሪካ ለአዋቂዎች ተፈቅዷል። ነጭ ሽንኩርት ማሸት ቆዳን ሊያቃጥል ስለሚችል ቢቀር ይሻላል።

የልጅ ራስ ቅርፊት አውጥቶ የሚያሳክከውና ፀጉሩ የሚሰባበር ከሆነ ግን ጭርት ሊሆን ይችላል። ይህ ይተላለፋል። ቅባት ብቻውን ወደ ፀጉሩ ሥር ስለማይደርስ ሐኪም የሚያዘው የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል።

ቢዘገይ የማይመለሰው

እህቶቻችን ልብ ሊሉት የሚገባው ይህንን ነው። ጠብቆ የተሠራ ሹሩባ፣ የተሰፋ ሰው ሠራሽ ፀጉርና ወደ ኋላ ተወጥሮ የታሰረ ፀጉር የግንባርንና የጆሮ ግንድን ዳር ያሳሳሉ። ቶሎ ከላላ ፀጉሩ ይመለሳል። ለዓመታት ከቀጠለ ግን ሥሩ ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳ ላይ ደግሞ ምንም ቅባት ፀጉር አያበቅልም። ሹሩባው ካመመ ጠብቋል ማለት ነውና «ይለምደኛል» ሳይሉ ያስፈቱት።

ከመሀል አናት ጀምሮ ወደ ዳር የሚሰፋም አለ፤ በጥቁር ሴቶች ላይ በብዛት ይታያል። አንዳንዴ ያቃጥላል፣ ያሳክካል፤ አንዳንዴ ግን ምንም ሳይሰማ ሥሩን ይጨርሳል። ሕክምናው የቀረውን ለማዳን ስለሆነ ቀን መቁጠር አያስፈልግም፤ የቆዳ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

ስለዚህ ለቅባት ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት መቼ እንደጀመረ፣ የት ቦታ እንደሳሳና ሕመም እንዳለው ይመዝግቡ። ሐኪሙ ሹሩባ ምን እንደሆነ ላያውቅ ይችላልና እንዴትና በየስንት ጊዜው እንደሚሠሩ ሳያፍሩ ይንገሩት። የራስ ቆዳዬን በደንብ ይዩልኝ ማለትም መብትዎ ነው።