ወገብ ለታመመ ሰው መተኛት ወይስ መንቀሳቀስ?

በወረታ ከተማም ሆነ በፎገራ ሜዳ «ወገቤን፣ ዳሌዬን» የሚል እሮሮ የተለመደ ነው። ምክንያቱም ሩቅ አይደለም። ሩዝ የሚታረመውም የሚታጨደውም አጎንብሶ ነው፤ በርብና በጉማራ ወንዞች ውኃ የሚለማው ሽንኩርትም ቀና ብለው የሚሠሩት አይደለም። ከተሜዋ እናት ማሳ ባትወርድም እንጀራ ስትጋግር፣ ልብስ ስታጥብ፣ ሕፃን አዝላ ጉድ ጉድ ስትል ትውላለች። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ሲሞላ ውኃው ብቻ 20 ኪሎ መመዘኑን ልብ ይሏል። በቢሮ ወይም በሱቅ ወንበር ላይ የምትውለው ሠራተኛም ከሕመሙ አታመልጥም፤ እሷን የሚጎዳት ሳይነሡ መዋሉ ነው።

ሕመሙ ሲነሣ ብዙዎቻችን ወገባችንን በመቀነት ጠፍረን እንተኛለን። ጎረቤትም «አትንቀሳቀሺ» ብላ ትመክራለች። ምክሩ ከደግነት የመጣ ቢሆንም አይጠቅምም። ሕመሙ ሲብስ አንድ ሁለት ቀን ማረፍ ያለ ነው። ከዚያ አልፈው ሲተኙ ግን አከርካሪንና ዳሌን ደግፈው የያዙት ጡንቻዎች ይደክማሉ፤ ሥራው ደግሞ እንደ ቀድሞው ይጠብቅዎታል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ለቆየ የወገብ ሕመም ባወጣው መመሪያ የሰውነት እንቅስቃሴን ሲመክር፣ የወገብ መታጠቂያን በመደበኛ ሕክምናነት አልደገፈም።

እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ የሆነ የአውስትራሊያ ጥናትም አለ። ከወገብ ሕመም ያገገሙ 701 ሰዎች ተመርጠው፣ ገሚሶቹ ቀስ በቀስ በሳምንት አምስት ጊዜ 30 ደቂቃ እንዲራመዱ ተደረገ። ሥራ የሚያስተጓጉል ሕመም እስኪመለስ የቆዩበት መካከለኛ ጊዜ 208 ቀን ሲሆን፣ ይህ ምክር ያልተሰጣቸው የቆዩት 112 ቀን ነበር።

የወረታ መሬት ሜዳ በመሆኑ ለእርምጃ የተመቸ ነው። በ10 ደቂቃ ይጀምሩና በየሳምንቱ ጥቂት ይጨምሩ። የባሕር ዳርና የጎንደር አስፋልት መኪና ስለሚበዛበት የውስጥ ለውስጡ መንገድ ይሻላል። ክረምት ገብቶ ጭቃው ካስቸገረ በቤት ውስጥ በጀርባዎ ተንጋለው፣ ጉልበትዎን አጥፈው፣ ዳሌዎን ቀስ ብለው ያንሡ፤ እስከ አምስት ቆጥረው ይመልሱ። ግድግዳ ይዘው ቆመው አንድ እግርን ወደ ጎን ማንሣትም የዳሌን ጡንቻ ያጠነክራል።

«ቀኑን ሙሉ ስሠራ እውላለሁ፤ ሌላ እንቅስቃሴ ምን ያደርግልኛል?» የሚሉ እናቶች ይኖራሉ። እውነት አላቸው። ነገር ግን መጎንበስና መሸከም ያንኑ ጡንቻ ደጋግሞ ያደክማል። ስለዚህ ሥራን ማፈራረቅ ይበጃል፦ ምጣዱን ከፍ ባለ መደብ ላይ ማድረግ፣ ሽንኩርቱን ጠረጴዛ ላይ መክተፍ፣ ውኃውን በሁለት ትናንሽ ጀሪካን መክፈል። (ባሎችም ይህን ዓምድ ያነባሉ ብለን እናምናለን፤ ጀሪካን ማንሣት የሴት ሥራ ነው ያለ ሐኪም የለም።)

እግር ከደነዘዘ ወይም ከሰነፈ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ ትኩሳትና ክሳት ከታየ ወይም ሕመሙ ከመውደቅ በኋላ የመጣ ከሆነ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ተቋም ይሂዱ። ቲቢ አከርካሪንም ይይዛልና።